ዳለቻና የላላው ገመድ

ሰው መምህሩን የሚያገኝበትን ቦታ አይመርጥም። አቶ ቱሉ የራሳቸውን ያገኙት ከወሰን ሰፈር በላይ፣ ወደ እንጦጦ ተራራ በሚያወጣው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ፣ ጭቃ ላይ በመቀመጫቸው ዘፍ ብለው ነው። በቀኝ እጃቸው ጅራፍ፣ በግራ እጃቸው ገመድ ይዘዋል። በገመዱ ሌላኛው ጫፍ ዳለቻ የሚባለው ግራጫ ውሻቸው እስኪታነቅ ድረስ እየጎተተ፣ ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ፣ ጌታውን ከነጋቢያቸው ሽቅብ ሊወስዳቸው ይታገላል።

ለሩጫ የወጣች አንዲት ወጣት ይህን አየች። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይስቅ ወይ ይሸሽ ነበር። እሷ ግን ሩጫዋን አቁማ፣ ውሻውን ፊት ለፊት ሳታይ፣ ጎኗን ሰጥታው ቀጥ አለች። ዳለቻ ተንጠራርቶ አሸተታት፤ የምትጮህበትም የምትሸሸውም ስላልሆነች ግራ ገብቶት መጎተቱን ለጊዜው ተወው።

“አባባ፣ ተጎዱ እንዴ?”

“ምን ጉዳት አለ ልጄ። በሳምንት ሁለቴ እወድቃለሁ፤ ለምጄዋለሁ” አሉ አቶ ቱሉ፣ ለመነሳት እየሞከሩ።

ወጣቲቱ ክንዳቸውን ይዛ አነሳቻቸው። ስሟ ሶሬቲ እንደሚባል፣ የእንስሳት ሐኪም እንደሆነችና ወሰን አካባቢ ካለች ትንሽ ክሊኒክ እንደምትሠራ ነገረቻቸው። ጋቢያቸውን ካራገፈችላቸው በኋላ ዓይኗ ጅራፉ ላይ አረፈ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚሄዱት? እሱ ከፊት፣ እርስዎ ከኋላ?”

“ታዲያ እንዴት ይሁን? ከብት ከፊት ይሄዳል፤ ነጂው ከኋላ።”

ይህን የመሰለ ስሕተት ሌላ ሰው አይሠራውም። የሚሠራው ዛሬ ፎቅ የበቀለበትን መሬት ለአርባ ዓመት ሲያርስ የኖረ ሰው ብቻ ነው። አቶ ቱሉ መሬቱ ለከተማ ሲሄድ በሬዎቻቸውን ሸጡ፤ እጃቸው ግን ጅራፉን አልረሳውም። ለውሻው እንኳ ያወጡለት የመጨረሻውን በሬያቸውን ስም ነው። ስሙን ሰጥተው ሲያበቁ አነዳዱንም ሰጡት።

“ስንት ዓመቱ ነው?” አለች ሶሬቲ።

“ሰባት። ባለቤቴ ባረፈች በሁለተኛው ወር ነው ያመጣሁት። ቤት ውስጥ የሚተነፍስ ነገር ፈልጌ።” አቶ ቱሉ ገመዱን በእጃቸው ላይ አንድ ዙር ጠመጠሙት። “ከአንድ ወር በኋላ ግን የምንለያይ ይመስለኛል።”

“ለምን?”

“ልጄ ዲንቄ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሷታል። ሦስተኛ ፎቅ። ባለፈው ቤቱን ልናይ ስንሄድ ይህ ጉድ ደረጃውን እየጎተተ ሲያወጣኝ፣ አንዲት ሰልማ የምትባል ጎረቤት ለሶላት ስትወጣ ላይዋ ላይ ዘለለባት። ምራቁ ልብሷን ነካው፤ እሱ በነካው ልብስ ደግሞ አይሰገድም። ሴትዮዋ ተመልሳ እስክትታጠብ፣ ልብስ እስክትቀይር ሰዓቱ አለፈባት። ጠላት ሆና አይደለም፤ እኔም ብሆን እከስ ነበር። የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ ቢንያም የሚባል ሰው ነው። ‘የምትገቡ ዕለት እናየዋለን፤ በገመድ ሆኖ ሰው ሳያስቸግር ደረጃውን ወርዶ ከግቢ ከወጣ ይግባ፣ ካልሆነ አይገባም’ አለን። ዲንቄ ደግሞ ተስፋ ቆርጣ ለአንድ ጋራዥ ጥበቃ ተነጋግራለታለች። እዚያ ከገባ ዕድሜ ልኩን ሰንሰለት ነው።”

“አንድ ወር ይበቃል” አለች ሶሬቲ።

አቶ ቱሉ ሳቁ። “ሰባት ዓመት ላልበቃው?”

“ሰባቱንም ዓመት ትምህርት ላይ ነበር እኮ አባባ። ጎበዝ ተማሪ ነው። ጎትት ብለው አስተማሩት፤ ጎተተ።”

ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋወጠ። “እኔ? እኔማ ‘ተው!’ እያልኩ ነው የምገርፈው።”

“ከየት በኩል ነው የሚገርፉት?”

“ከኋላ ነዋ!”

“ከኋላ የተገረፈ ወዴት ይሸሻል?”

አቶ ቱሉ ጅራፋቸውን አዩት። “ወደ ፊት” አሉ፣ ቃሉን ከአፋቸው በግድ እንዳወጡት ሁሉ።

“ገመዱ ሲወጠርስ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?”

“እከተለዋለሁ። ምን ምርጫ አለኝ?”

“እንግዲህ ሲጎትት የፈለገበት ይደርሳል፤ ቀስ ሲል ጅራፍ ያገኘዋል። እርስዎ እሱን ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?”

አቶ ቱሉ ወደ ሌላ ክርክር ዘለሉ። “ስሚኝ ልጄ፣ ውሻን በገመድ ጎን ለጎን ማንሸራሸር ሥራ የፈታ ሀብታም ነገር ነው። ውሻ ሲገራ ደግሞ ቤት አይጠብቅም። እኛ ቀን አስረን የምናውለው እንዲቆጣ ነው።”

“ሌባ ሲመጣ የሚጮኸው ገመድ ስለሚጎትት ነው?”

“እሱማ አይደለም።”

“ጠባቂነቱ ሌላ ነው፤ አካሄዱ ሌላ። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ የሚቆጣው ሌባውን ብቻ መርጦ አይደለም፤ ሕፃኑንም፣ እንግዳውንም፣ ለሶላት የምትወጣዋንም ነው። የተጠራቀመበትን ጉልበት ደግሞ ገመዱ ላይ ያወጣዋል። ግቢ ውስጥ ይፍቱት፣ መጀመሪያ ይሩጥ፣ ከዚያ ያውጡት። እስቲ ገመዱን ይስጡኝ።”

ሶሬቲ ጅራፉን ትታ ገመዱን ብቻ ያዘች። ዳለቻ ወዲያው ወጠረው። እሷ ቀጥ ብላ ቆመች። አልጎተተችውም፣ አልጮኸችበትም። ውሻው ታገለ፣ አለከለከ፣ በመጨረሻ ‘ምን ሆነሽ ነው?’ የሚል ይመስል ዞሮ አያት። ገመዱ ላላ። “ጎበዝ!” አለችና አንድ እርምጃ ተራመደች። እንደገና ወጠረ፤ እንደገና ቆመች።

“ሚስጥሩ ይኸው ነው። ሲወጠር ይቁሙ፣ ሲላላ ይራመዱ። ከጉልበትዎ አጠገብ ሲሄድ ደግሞ እዚያው ጉልበትዎ ጋ ትንሽ ነገር ያቅምሱት። ሥጋ ቤቶች ለውሻ የሚሰጡትን ሳንባ ቀቅለው በጥፍርዎ ልክ ይቁረጡት። ሲጎትት ምንም አያገኝም፤ አጠገብዎ ሲሆን መንገዱንም ጣፋጩንም ያገኛል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ ብቻ።”

በሩብ ሰዓት ውስጥ የሄዱት አሥራ ሁለት እርምጃ ነበር፤ አቶ ቱሉ ቆጥረውታል። በዚህ አካሄድ የካ አባዶ ስንደርስ ዲንቄ የልጅ ልጅ ታያለች አሉ በልባቸው። ሆኖም ሰው አክባሪ ናቸውና አመስግነው፣ ገመዳቸውንም ጅራፋቸውንም ይዘው ወረዱ።

እቤት ሲደርሱ ለዲንቄ ነገሯት። ዲንቄ የቀበሌ ጸሐፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ብሶት ስትሰማ ውላ ስለምትመጣ ለተጨማሪ ብሶት ትዕግሥት የላትም። ውሻ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምራ ትፈራለች።

“አባዬ፣ ለዚህ ውሻ ሳንባ ልትቀቅልለት ነው?”

“ልሞክረው ብዬ ነው።”

“ስትሞክር እግርህን ይሰብርሃል። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ማን ተሸክሞ ያወጣሃል? ጋራዡ ይሻላል አልኩህ እኮ።”

ጋራዥ የሚለው ቃል እልህ ውስጥ ከተታቸው። በማግሥቱ ሳንባ ቀቀሉ። የመጀመሪያው ቀን ከበራቸው እስከ ጎረቤት አጥር አልደረሱም። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳለቻ ድመት አይቶ ሲወነጨፍ ክንዳቸው ሊነቀል ደረሰ፤ በንዴት ሳይታወቃቸው ጅራፉን ከወገባቸው መዘው ወደ ላይ አነሱት።

ጅራፉ ገና አልወረደም። ዳለቻ ግን ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ፣ ጆሮውን አጣብቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ያ ሰው የሚፈራው ትልቅ ውሻ እንደ ጨርቅ መሬት ላይ ተነጠፈ። አቶ ቱሉ እጃቸው አየር ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። አፈሩ፤ ከሰውም ከውሻም አፈሩ። ባለቤታቸው ከሞተች ወዲህ በየማለዳው በራቸው ላይ የሚጠብቃቸውን ፍጡር ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉት እንደኖሩ ያን ጊዜ ገና ገባቸው።

ጅራፉን አጥር ላይ ጥለው በቀጥታ ወደ ሶሬቲ ክሊኒክ ወረዱ።

“ልጄ፣ አልሆነልኝም” አሉ ገና በሩ ላይ። “ውሻው አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ የራሴ እጅ ነው። ብዙ ዓመት በጅራፍ የኖረ እጅ በአንድ ወር አይታረምም።”

ሶሬቲ ወንበር ሳበችላቸው። “አባባ፣ ወይፈን ገርተው ያውቃሉ?”

ሽማግሌው ቀና አሉ። ስለ ውሻ ሲጠየቁ የነበራቸው ድምፅና ስለ በሬ ሲጠየቁ የመጣላቸው ድምፅ የአንድ ሰው አይመስልም። “ገርቼ አውቃለሁ ወይ? አገር ምድሩ ወይፈኑን ወደ እኔ ይልክ ነበር እንጂ!”

“እንዴት ነበር የሚገሩት? በመጀመሪያው ቀን ጅራፍ ያነሱበታል?”

“ምን ነካሽ! የመጀመሪያ ቀን ተገርፎ የተጠመደ ወይፈን ቀንበር ባየ ቁጥር ይደነብራል። መጀመሪያ ቀንበሩን ብቻ አስለምደዋለሁ። ከረጋ በሬ ጋር አድርጌ ሜዳ ለሜዳ አዞረዋለሁ። ጨው አስልሰዋለሁ። ጅራፉ የሚመጣው ሥራውን ካወቀ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን ለድምፁ ነው እንጂ ለቆዳው አይደለም።”

“ቢደነብርስ?”

“እቆማለሁ። እስኪረጋ እቆማለሁ። በደነበረበት ሰዓት ከነዳሽው ዕድሜ ልኩን…” አቶ ቱሉ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ቆሙ።

ብልህ አስተማሪ ተማሪው ራሱ የደረሰበትን ነገር ከአፉ አይነጥቅም።

“ለካ ይህን ሁሉ አውቅ ኖሯል” አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። “ለወይፈን አውቅ ነበር። ውሻ ግን የሚማር ነገር አልመሰለኝም። ውሻ ይታሰራል፣ ይጮሃል፣ ይሞታል። ከዚህ ሌላ አላሰብኩለትም።”

“አርጅቷል ብለው ይሰጋሉ?”

“እኔ በሰባ አራት ዓመቴ ከአንቺ እየተማርኩ እሱ በሰባት ዓመቱ አርጅቷል እላለሁ? ይልቅ የአንገቱን ነገር ምን ላድርገው? ሲጎትት ያንቀዋል፤ ሲታነቅ ይብሳል።”

“በደረቱ ዞሮ የሚታሰር ሰፊ ጠፍር ቢያገኙለት ጥሩ ነው።”

“አገኝለታለሁ” አሉና ተነሱ። “ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ሰው ካልሆንኩ ስሜን ቀይሪው!”

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከድሮ የእርሻ ዕቃቸው ላይ ጠፍር ቆርጠው፣ ደረቱን በእጃቸው ለክተው፣ በወስፌ ሰፉለት። ከዚያ በኋላ አቶ ቱሉን የሚያቆማቸው አልተገኘም። ማለዳ ግቢ ውስጥ ያስሮጡታል፣ ከዚያ ወደ ጫካው ይወጣሉ። ሲወጠር ይቆማሉ፣ ሲላላ ይራመዳሉ። ዝናብ ሲመጣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቆማሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ ዳለቻ ጫካውን ከጉልበታቸው ሳይርቅ ማቋረጥ ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ወሰን አስፋልት ወረዱ፤ እዚያ የተማረው ሁሉ የጠፋ መሰለ፤ እሳቸው ግን ወይፈን ከሜዳ ወደ እርሻ ሲገባ እንዲሁ እንደሚሆን ያውቃሉና ሳይናደዱ ከአንድ እርምጃ ጀመሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሾላ ገበያ ዳር ሄደው ቆሙ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ በማግሥቱ ቀረብ ብለው፣ ከዚያ ሚኒባሶቹ የሚጋፉበት ድረስ። አንድ ቀን ሁለቱን መንገድ ዳር ተገትረው ያየ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ “ፋዘር፣ ውሻው ባትሪ ጨረሰ እንዴ?” ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። የድሮው ቱሉ ቢሆኑ ዱላ ይወረውሩ ነበር። የአሁኑ ቱሉ “ቻርጅ እያደረገ ነው!” ብለው መለሱ፤ ገመዱ ላላ፤ ተራመዱ።

ዲንቄን አንድ ቀን “እስቲ ያዢው” ቢሏት “አልነካውም!” ብላ ወደ ቤት ገባች።

የመግቢያው ዕለት እሁድ ነበር። ዕቃ የጫነው አይሱዙ የካ አባዶ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይራገፋል። ቢንያም ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ደረጃው ሥር ይጠብቃል። አቶ ቱሉ ዳለቻን ወደ ሦስተኛ ፎቅ አወጡት፣ ቤቱን አሳዩት፣ ውኃ አጠጡት፤ ከዚያ የተባለው ፈተና ቀረበና ዲንቄን አስከትለው ቁልቁል ጀመሩ።

ከሦስተኛ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ዳለቻ ከጉልበታቸው አልራቀም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ በር ተከፈተና ሰልማ ለእኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት ንጹሕ ልብሷን ለብሳ፣ ሒጃቧን አስተካክላ ወጣች። ውሻውን ስታይ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ዳለቻ አፍንጫውን አነሳ። ገመዱ ተወጠረ።

“አባዬ ያዘው! ሳበው!” አለች ዲንቄ ከኋላ።

አቶ ቱሉ አልሳቡትም። ቀጥ ብለው ቆሙ። ከታች ፍራሽ በጭንቅላቱ ተሸክሞ የሚወጣ ሠራተኛ ደርሶ መንገድ አጣ።

“አባባ፣ ፍራሹ ከበደኝ እኮ!”

“ቆይ ልጄ።”

“ምን እየጠበቅን ነው?”

“እሱን” አሉ ሽማግሌው።

ሰልማ ልብሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ይዛለች። ቢንያም ከታች አንገቱን አቅንቶ ያያል። የአቶ ቱሉ እጅ አልተንቀሳቀሰም። ጋራዡ ታያቸው፣ ሰንሰለቱ ታያቸው፤ አሁንም አልተንቀሳቀሱም። ዳለቻ ወደ ሴትዮዋ ተንጠራራ፣ ፍራሹን አየ፣ ቃተተ። ከዚያ ዞረና ጌታውን አየ። ገመዱ ረገብ አለ። ውሻው ሁለት እርምጃ ተመልሶ ከጉልበታቸው ሥር ተቀመጠ።

“ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!” አሉ አቶ ቱሉ፣ ሳንባውን እያቀበሉት። “ሰልማ፣ እለፊ ልጄ። አይነካሽም።”

ሰልማ በአንድ ክንድ ርቀት አለፈች። ሁለት ደረጃ ወርዳ ልብሷን አየች፤ ምንም አልነካውም። “አባባ፣ እኔ ውሻ ጠልቼ አልነበረም የከሰስኩት። ንጹሕ ሆኜ ልስገድ ብዬ ነው። እንደዚህ ከሆነ እኔ ቅሬታ የለኝም” አለችና ወደ ሶላቷ ሄደች።

ቢንያም ወደ ላይ ወጣ። “አባባ፣ እንደዚህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። በአንድ ወር ነው?”

“በአንድ ወር ነው። ሰባት ዓመት ግን በከንቱ ገርፌዋለሁ፤ እሱ ዛሬም ያንገበግበኛል። እኔ ልጄ፣ ‘ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው’ ብዬ የተከራከርኩ ሰው ነኝ። አሁን ግን ልንገርህ። ይኸው ወር ሊሞላኝ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አልወደቅኩም። ቀን ስለሮጠ ሌሊት ይተኛል፤ ነፋስ ሲነፍስ አይጮህም። ሌባ ሲመጣ አሁንም ይጮሃል፤ ጥበቃውን አልረሳም። መንገድ ላይ ሰው ከእኔ አይሸሽም፤ እንዲያውም ቆሞ ሰላም ይለኛል። ይህቺ ሴትም በንጹሕ ልብሷ ልትሰግድ ሄደች። ከእንግዲህ ውሻ ያለው ሁሉ ጅራፉን ትቶ መቆምን ይማር። ቆሞ መጠበቅ ለሰው ነው የሚከብደው፤ ለውሻውስ አልከበደውም።”

ቢንያም ራሱን ነቀነቀ፤ ነገር ግን የኮሚቴ ሰው ነውና ጥያቄ አላጣም። “እሺ አባባ፤ እርስዎ ሲይዙት አየን። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ዕድሜዎም ገፍቷል። ቢያምዎትስ? አንድ ቀን ባይችሉስ ማን ይዞት ይወርዳል?”

አቶ ቱሉ ይህን አላሰቡትም። አንድ ወር ሙሉ ስለ ዳለቻ ጉልበት አስበው ስለ ራሳቸው ጉልበት ሳያስቡ ቀርተዋል። መልስ ፍለጋ ደረጃውን አዩ፣ ቢንያምን አዩ።

ከኋላቸው ዲንቄ ወረደችና እጇን ዘረጋች።

“ስጠኝ አባዬ።”

“አንቺ? ትፈሪው የለም እንዴ?”

“እፈራዋለሁ። ግን ወር ሙሉ በመስኮት ሳይህ ነበር። ሲወጠር እቆማለሁ፣ ሲላላ እሄዳለሁ። አይደል?”

ገመዱን ተቀበለች። ሳንባውን ከአባቷ መዳፍ ወሰደች፤ ያንን ‘ልትቀቅልለት ነው?’ ብላ የተገረመችበትን ሳንባ። ዳለቻ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ እሷን አየና ወደ አባቷ ሊመለስ ገመዱን ወጠረ። ዲንቄ ቀጥ ብላ ቆመች። ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ግን አልሳበችውም፣ አልጮኸችም። ገመዱ ላላ። “ጎበዝ” አለች፣ እንኳን ለውሻ ለራሷም በማይሰማ ድምፅ። አንድ ደረጃ ወረዱ። እንደገና አንድ።

አቶ ቱሉ ባዶ እጃቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ቀሩ። እንባቸው መጣ፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። ቢንያም እንዳላየ ዞር አለ፤ ባለፍራሹም ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻለምና በግድግዳው በኩል እየተሸሎከሎከ አልፏቸው ወጣ።

ብዙ ቆይቶ ከታች ከግቢው በር የዲንቄ ድምፅ ተሰማ።

“አባዬ፣ ወጥተናል! ትመጣለህ ወይስ እኛው ዞር ዞር ብለን እንምጣ?”

“እንግዲህ ይግባ” አለ ቢንያም።

“እናንተው ሂዱ” አሉ አቶ ቱሉ ወደ ታች፤ ጉልበታቸውን ይዘውም ደረጃው ላይ ተቀመጡ።